ሲስተር ፀዳለና የዝንጅብሉ ውኃ

ሲስተር ፀዳለ ማረፏን የነገረችኝ የእህቷ ልጅ ናት። ስልክ ቁጥሬን ያገኘችው ከሰው ሰው ጠይቃ ነው። ቀብሩ ጅማ እንደተፈጸመ፣ ሶዶ ውስጥ ለማን መንገር እንዳለባቸው ስላላወቁ እንደዘገዩ ነግራኝ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከዚያም ሳልጠይቃት፣ «የመጨረሻዎቹን ዓመታት እግሯ እንቢ ብሏት ወንበር ላይ ነው ያሳለፈችው» አለችኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከሞቷ ይልቅ ሲያንገበግበኝ የዋለው ይህ ወሬ ነው። ሲስተር ፀዳለን በሐሳቤ ወንበር ላይ ላስቀምጣት ሞከርኩ፤ አቃተኝ። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ቁጭ ብላ ምሳ ስትበላ አይቻት አላውቅም። የምትበላው በር ላይ ቆማ፣ አንድ እግሯን ወደ ውጭ አውጥታ፣ ዓይኗን መንገዱ ላይ ጥላ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም ቤቴ ውስጥ አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ደጅ እላለሁ። ልጆቼ «ምን ሆነሻል?» ይሉኛል። የሆንኩትን ብጽፈው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

በጃንሆይ ዘመን፣ ወላይታ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ በነበረ ጊዜ፣ ከሶዶ ወደ ሁምቦ በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነበረች። እኔ እዚያ አስተርጓሚ ነበርኩ። መድኃኒት የሚያዙት ሰዎች አማርኛ፣ ልጅ ታቅፈው የሚመጡት እናቶች ወላይትኛ ብቻ ይናገራሉ፤ የሚገናኙት በእኔ አፍ ነው። መርፌ መቀቀል፣ ቁስል ማጠብ፣ ወለል መጥረግም በዚያው የእኔ ሥራ ነበር። ዶክተር የሚባል አልነበረንም። ኃላፊያችን አቶ ግርማ የሚባሉ ድሬሰር፣ ማለትም የሕክምና ረዳት፣ ነበሩ፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ፣ ከማንም ጋር መጋጨት የማይወዱ ደግ ሰው።

ሲስተር ፀዳለ የመጣችው ክረምት ላይ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ነው። ሻንጣዋን ተቀብዬ ማደሪያዋን ላሳያት ብል ዞር ብላም አላየችኝ።

«የተኙት የት ናቸው?» አለችኝ።

«እነማን?»

«ሕፃናቱ። ክረምት አይደል?»

ሻንጣውን ዝናብ ላይ እንደያዝኩ ተከትያት ገባሁ። ክረምት ሲገባ ምንጩ ይደፈርሳል፣ ጎርፉ የከብቱንም የሰዉንም ቆሻሻ አጥቦ የሚጠጣው ውኃ ውስጥ ይከተዋል። ያኔ ተቅማጥ ይነሳል። በዚያ ሰሞን ክሊኒካችን በረንዳው ሳይቀር ልጅ በታቀፉ እናቶች ይሞላ ነበር። እሷ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዘዋወረች ሆዳቸውን ዳሰሰች፣ ከንፈራቸውን ነካች፣ ደረቷ ላይ የተሰካችውን ሰዓት እያነሳች ትንፋሻቸውን ቆጠረች። የሁሉም ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

በመጀመሪያው ሳምንት «እርስዎ» እላት ነበር። አንድ ቀን ከመርፌው መቀቀያ ሥር ቆማ፣ «አንቺ በይኝ፤ እርስዎ ሲሉኝ ተቀመጪ የሚሉኝ ይመስለኛል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንቺ አልኳት። በዕድሜም ብዙ አትበልጠኝም ነበር።

የሚያበሳጫት ነገር ወዲያው ተገለጠላት። በክንድ የሚሰጠው ግሉኮስ የሚመጣው ከይርጋለም ነው፤ መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ ደግሞ አይመጣም። ስለዚህ በአፍ መስጠት ነበረብን። ነርስ ትምህርት ቤት ሳለች አንዲት አሮጊት አስተማሪዋ የነገሯት ነገር ነበር፦ የተፈላ ውኃ፣ ጨው በጣት ቁንጥጫ፣ ስኳር፤ በማንኪያ እያጠጡ፣ ሳይሰለቹ። ይህንኑ ለእናቶቹ ንገሪያቸው አለችኝ፤ ነገርኳቸው። እናቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ። ልጆቹ ግን ባሰባቸው እንጂ አልተሻላቸውም።

«ለምንድን ነው?» አለችኝ። መልስ ስትጠብቅ እንኳ ክፍሉን እየዞረች ነው።

«ሲስተር፣ ውኃውን አይሰጧቸውም።»

«እሺ ብለው ሄደው የለም እንዴ?»

«እሺ ያሉት ለአንቺ ክብር ነው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ውኃ አይሰጠውም። ሆዱ ውኃ እየሆነ ሌላ ውኃ ልጨምርበት ነው የሚሉት። ደግሞ ውኃ መድኃኒት አይደለም። ውኃ ለመጠጣት ማን ክሊኒክ ይመጣል?»

ቆመች። መቆሟ ብርቅ ስለሆነ አስታውሰዋለሁ። «ታዲያ መድኃኒት የሚሉት ምንድን ነው?» አለች።

ዝንጅብል አልኳት። እኛ ዘንድ ዝንጅብል የማያበቅል ጓሮ አይገኝም ማለት ይቻላል። ሆድ ሲቆርጥ ዝንጅብል ይታኘካል፣ ጉንፋን ሲይዝ ዝንጅብል ይፈላል። ጥሬ ሥጋ የሚበላውም በዳጣ ነው፤ ዳጣ ማለት ቃሪያው፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ቅመሙ አብሮ የሚፈጭበት ማባያ ነው። ዳጣ ያለው ሥጋ ሆድ አያሳምምም ይባላል። ይህን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። እናቷ ጅማ ገበያ ውስጥ ቅመም ቸርቻሪ እንደነበሩ፣ እሷም ያደገችው በኮረሪማ ጆንያ መሐል እንደሆነ ያን ዕለት ነው የነገረችኝ። «እናቴ ለሆድ የምትሸጠው ብዙ ነገር ነበራት። ነርስ ትምህርት ቤት ስገባ ሁሉንም እርሺው አሉኝ። እኔም ረሳሁ» አለች። ከዚያም፣ «ነገ ገበያ ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሶዶ ገበያ ላይ ያየኋትን ሲስተር ክሊኒክ ውስጥ አይቻት አላውቅም። ኮረሪማውን በጥርሷ ሰብራ ታሸታለች፣ ነጭ አዝሙዱን በመዳፏ አሽታ ትቀምሳለች፣ የጤና አዳሙን ቅጠል ጆሮዋ ላይ ትሰካለች። አንዷን ሻጭ ሳትጨርስ ወደ ሌላዋ ትሄዳለች፣ እንደገና ወደ መጀመሪያዋ ትመለሳለች። እኔ ከኋላዋ እየሮጥኩ «ይህ ለሆድ ነው?»፣ «ለልጅ ይሰጣል?»፣ «ምን ያህል?» እያልኩ አስተረጉማለሁ። ሴቶቹ ሳቁባት፤ ግን ወደዷት።

ከዚያ በኋላ ሙከራ ጀመረች። የሥጋ መረቅ ቀቅላ በብርጭቆ በብርጭቆ ቀዳች፤ አንዱ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዱ ውስጥ ዝንጅብል፣ አንዱ ውስጥ ቅርንፉድ፣ አንዱን ባዶውን ትታ የመስኮቱ ደፍ ላይ ደረደረቻቸው። የትኛው ቀድሞ እንደሚሸት በየጊዜው እየሄደች ታያለች። ባዶው ፈጥኖ ተበላሸ። የነጭ ሽንኩርቱና የቅርንፉዱ ቆየ። የዝንጅብሉ መሐል ላይ ሆነ። አቶ ግርማ ሽታውን መቋቋም አቅቷቸው ብርጭቆዎቹን አስደፉባት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ልክ ናቸው። ብርጭቆ ሆድ አይደለም። ብርጭቆ ውስጥ ጀርም የገደለ ነገር የልጅ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ በምን አውቃለሁ?» አለችኝ።

ዛሬ ፋርማሲ የተማረችው የልጅ ልጄ በዝንጅብል ውስጥ የሚያቃጥለውን ነገር በስሙ ትጠራዋለች፤ ጂንጀሮል ይባላል ትለኛለች። ማቅለሽለሽን ያስታግሣል፣ የሆድ ቁርጠትን ያላላል፣ በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለውም አሊሲን አንዳንድ ተቅማጥ አምጪ ጀርሞችን ያዳክማል፣ ነገር ግን ገና ብዙ ያልተጠና ነገር አለ ትላለች። «ሊረዳ ይችላል ነው የሚባለው አያቴ» ትለኛለች። ሲስተር ፀዳለ ይህን ሁሉ ስም አታውቅም ነበር። የምታውቀው ያ «ሊረዳ ይችላል» የሚለው ነገር እንደሚያስጨንቃት ብቻ ነው።

ብቻ አንድ ቀን ጠዋት ቆርጣ መጣች። በትልቅ ድስት ውኃ አፈላች፤ ጥቂት ዝንጅብል ፍቃ ጨመረች፣ ለሽታው አንድ የኮረሪማ ፍሬ፣ ከዚያ ጨውና ስኳር። ቀመስኩት። ደስ የሚል፣ ጉሮሮን ሞቅ የሚያደርግ ነገር ነበር።

«የዝንጅብል መድኃኒት ነው በያቸው» አለችኝ።

«መድኃኒት ልበል?»

«ሌላ ምን ቃል አለሽ?» አለችና ወዲያው፣ «ውሸት አይደለም። ትውከቱን ያስታግሣል፤ በራሴም አይቼዋለሁ። ሙሉው እውነት ግን አይደለም። የሚያድናቸው ውኃው ነው። ይህን ብነግራቸው ደግሞ አይሰጧቸውም። አንቺ ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ» አለች። ይህን ስትል አላየችኝም፤ ድስቱን ታማስላለች።

እኔም እንዳለችኝ ተናገርኩ። እናቶቹ ወዲያው እጃቸውን ዘረጉ። ልጆቹ ጣዕሙን ወደዱት። በማንኪያ በማንኪያ ሲጠጡ ዋሉ። የሰረጎደ ዓይን ሲመለስ፣ እንባ የጠፋው ልጅ እንባ አውጥቶ ሲያለቅስ ማየት ምን ያህል እንደሚያስደስት ያላየ አያውቀውም። ያን ክረምት ከክሊኒካችን የሚወጣው ሬሳ ቀነሰ። ከሁምቦ ቆላ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ ከየገጠሩ ሴቶች «የሲስተር ዝንጅብል» እያሉ ይመጡ ጀመር። አሠራሩን ለየሰፈራቸው ወሰዱት። አቶ ግርማ በደስታ አዲስ ድስት ገዙልን።

ሲስተር ግን አልተረጋጋችም። ሰው ሲያመሰግናት አንገቷን ታሻለች። «አልዋጠልኝም» ትለኛለች። «ምኑ?» ስላት፣ «ምኑ እንደሆነ ባውቅ ዋጥ አደርገው ነበር» ብላ ወደ በሩ ትሄዳለች።

ምኑ እንደሆነ ያወቅነው በተከታዩ ክረምት ነው። አንድ ገበሬ ከሁምቦ በኩል እየሮጠ መጥቶ ልጁ መነሳት እንዳቃታት ነገረን። የሚስቱ ስም ዳታኔ ይባላል። ልጅቷ ገና ዳዴ ትታ መቆም የጀመረች ናት። ሲስተር ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሰውዬውን ቀድማ ወጣች። ቁልቁለቱን ስንወርድ ዝናቡ ወደ ኋላ ቀረ፤ ቆላው ግን ይፋጃል። እኔ ጫማዬን አውልቄ ያዝኩ። እሷ «ትጠጣለች ወይ? ጠይቂው» ትለኛለች በየመታጠፊያው። ሰውዬው «መድኃኒቱን ትጠጣለች» ይላል። ደጋግማ አስጠየቀችኝ፤ የሚመልሰው ያንኑ ነው።

ስንደርስ ልጅቷ በእናቷ ጭን ላይ ነበረች። ዓይኗ ግማሹ ተከድኗል። ከንፈሯና የአፏ ዙሪያ ቆስሏል። አጠገባቸው ባለ ጣሳ ውስጥ ከሥር ቢጫ፣ ወፍራም ነገር አለ። ሲስተር በጣቷ ነክታ ቀመሰችው፤ ምላሷን ስታወጣው አየሁ። የተወቀጠ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት፣ ተጨምቆ፣ ውኃ ጠብ ሳይልበት።

ሲስተር ውኃ አስፈላች፣ በጋቢዋ ጫፍ እያራገበች አቀዘቀዘችው፣ በጣቷ እየነከረች ወደ ልጅቷ አፍ አስገባች። መዋጡ ቀርቷል። ግሉኮስ የለንም፤ ከመጣም ሰንብቷል። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ልጅቷ እናቷ ጭን ላይ እንዳለች አለፈች።

ዳታኔ መጀመሪያ አላለቀሰችም። ሲስተርን ቀና ብላ አይታ በወላይትኛ ተናገረች። ሲስተር «ምን አለች?» አለችኝ። መልስ ስትጠብቅ ሳትንቀሳቀስ ያየኋት ያኔ ነው። መተርጎም ሥራዬ ነው፤ ተረጎምኩ። ዳታኔ ያለችው ይህን ነው፦ «መድኃኒቱን አላስተጓጎልኩም። ከእጄ አልወረደም። ውኃውን ብቻ ተውኩት፤ ውኃ ያቀጥነዋል ብዬ፣ እንዲጠነክርላት ብዬ።»

ሲስተር ተነሥታ ወጣች። ቤቱን ስትዞረው ይሰማኛል፤ እርምጃዋ ከጓሮ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ጓሮ ይሄዳል። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ለቅሶው ተነሣ። እሷ ተመልሳ ገብታ መሬቱ ላይ ተንበርክካ የዳታኔን ጉልበት ይዛ አለቀሰች። ዳታኔ እጇን አልገፋችውም፤ አልያዘችውምም።

በማግስቱ አቶ ግርማ ነገሩን ሰሙ። እሷ ገበያ ወጥቼ ለሰዉ ልናገር አለች። እሳቸው በሩን ዘጋ አደረጉት።

«ሲስተር፣ ዝንጅብሉ ልጅ ገደለ ከተባለ ነገ እዚህ በረንዳ ላይ ሰው አይኖርም። ሰው ካልመጣ ልጆቹ ቤታቸው ይሞታሉ። ይህን አስበሽዋል?»

«አስቤዋለሁ።»

«እንግዲያውስ ለሚመጡት ብቻ ቀስ ብለን እናስተካክልላቸው። በዝምታ።»

«የማይመጡትስ? በየቤቱ እያጠነከሩት ነው አቶ ግርማ። ጥሩ እናት የሆነችዋ ናት አብልጣ የምታጠነክረው። መድኃኒት ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ግርማ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ያሉትም እውነት ነበር። እሷ ያለችውም እውነት ነበር። እኔ መሐል ቆሜ፣ ለአንድ ጊዜ የሚተረጎም ነገር አጥቼ፣ ሁለቱን በየተራ አየሁ። በመጨረሻ በሩን የከፈቱላት ራሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ የሄድነው ሁምቦ ገበያ ነው። ሴቶቹ አውቀዋት «ሳሮ፣ ሳሮ» እያሉ ሰላምታ ሰጥተው ከበቧት። አንድ ሰው የቆመ ጋሪውን ሰጣትና ወጣችበት።

«ዋሽቻችኋለሁ በያቸው» አለችኝ።

እኔ ያደግሁት ጸሎት ቤት ነው፤ ሰው ቆሞ ጥፋቱን ሲናገር ሰምቻለሁ። ነጭ ጋዋን ለብሶ የመንግሥት ደመወዝ የሚበላ ሰው ግን ገበያ መሐል «ዋሽቻለሁ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ቃሉ አፌ ውስጥ ከበደኝ። አወጣሁት። ከዚያ እሷ በአማርኛ፣ እኔ በወላይትኛ ሁሉንም ነገርናቸው፦ የሚያድነው ውኃው እንደሆነ፣ ዝንጅብሉ ልጁ ውኃውን እንዳይተፋው ሊረዳ ቢችል ነው እንጂ ብቻውን እንደማያድን፣ ሲወፍር ደግሞ እንደሚጎዳ፣ አንዲት ልጅ እንደሞተች።

ጨው የምትሸጥ ሽማግሌ ሴት ፊት ለፊት ነበረች። «ከመጀመሪያው ለምን አልነገርሽንም?» አለች።

«ውኃ ነው ብላችሁ አትሰጧቸውም ብዬ ፈራሁ።»

«ንቀሽን ነው እንጂ» አለች ሴትዮዋ። «አይገባቸውም ብለሽ።»

ተረጎምኩላት። ሲስተር፣ «አዎ» አለች። «አዎ፣ ንቄ ነው።»

አንዳንዶቹ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ሄዱ። አንዳንዶቹ ሳቁ። አንዲት ወጣት እናት ወደ ጋሪው ድንጋይ ወረወረች፤ አልመታትም። የጨው ሻጭዋ ሴት ግን አልሄደችም።

አቶ ግርማ እንደፈሩት ሆነ። በረንዳው ባዶ ቀረ። እሳቸው «ብዬሽ ነበር» አላሏትም፤ ያ ከቁጣ ይልቅ ከበዳት መሰለኝ። ቀኑን ሙሉ ባዶውን ክፍል ትዞራለች፣ የታጠበ ድስት እንደገና ታጥባለች፣ ድንገት ተነሥታ «ነይ እንሂድ» ትለኛለች። በየገጠሩ፣ በየቤቱ ሄድን። «እመኑኝ አልላችሁም» ነው የምትላቸው። «ስታምኑኝ ዋሽቻለሁ። ራሳችሁ እዩ።» የልጁን ሆድ ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ትለቃለች። የጤነኛው ልጅ ቆዳ ወዲያው ይመለሳል። ውኃ ያለቀበት ልጅ ቆዳ ግን ተቆንጥጦ እንደቆመ ይቆያል። «እናንተም ቆንጥጡ። ከዚያ ውኃ ስጡት፤ ቆይታችሁ እንደገና ቆንጥጡ። ሲመለስ ታዩታላችሁ።»

ይህ ነገር ገባቸው። እምነት የሚጠይቅ ነገር የለበትም፤ ጣት ብቻ ነው የሚፈልገው። በኋላ በኋላ መንገድ ላይ ሴቶች ልጆቻቸውን ሲቆነጥጡ፣ የጎረቤታቸውንም ልጅ ጠርተው ሲቆነጥጡ ማየት ጀመርኩ። እሷም በዚያው «ሀታ» የሚለውን ቃል ተማረች። ሀታ በወላይትኛ ውኃ ነው። እኔን ሳትጠብቅ፣ በተሰባበረ አነጋገሯ «ሀታ፣ ሀታ» እያለች ትሄዳለች። ሰዉ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ሁሉም ግን አይደለም።

ዝንጅብልን ግን ጨርሳ ተወች። ክሊኒኩ ውስጥ የነበረውን ሰብስባ ጣለች። ሽታው ሲመጣ ከክፍል ትወጣ ነበር። እናቶች ቢለምኗት እንኳ «ውኃ ብቻ» ነው መልሷ።

ዳታኔ የመጣችው ሌላ ክረምት ላይ ነው። በጀርባዋ ወንድ ልጅ አዝላለች። ከልጅቷ ሞት በኋላ የተወለደ ነው። ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ስታያት ከበሩ ገለል አለች። ዳታኔ እሷን አልፋ ወደ እኔ መጣች። ልጁን አውርዳ ሆዱን ገልጣ በጣቷ ቆነጠጠች። ቆዳው ቆሞ ቀረ።

«አይመለስም» አለችኝ። «እውነቱ የትኛው እንደሆነ ትንገረኝ። ዛሬ የምፈልገው እውነቱን ብቻ ነው።»

«ውኃው ነው» አለች ሲስተር። «ጨውና ስኳር ያለበት ውኃ።»

ዳታኔ ወለሉ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠችና ማንኪያውን ተቀበለች። ሰጠችው፤ ተፋው። ሰጠችው፤ ተፋው። ሲስተር ልጁን ስታይ፣ ዳታኔን ስታይ፣ መስኮት ስትደርስ፣ ስትመለስ ረፋዱ አለፈ። የገባው ሁሉ ይወጣል። የልጁ ልቅሶ ድምፅ አልባ እየሆነ ሄደ።

ያኔ ዳታኔ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ የአውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል አወጣች። ሲስተር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስትል አየኋት።

«አይሆንም በያት» አለችኝ።

ነገርኳት። ዳታኔ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሷ ዞራ መለሰች፤ ቀስ ብላ፣ ለልጅ እንደሚነገር። «ሕፃኑ የእኔ ነው። ትንሽ ዝንጅብል ነው፤ ውኃው ግን ብዙ ነው። ያንቺው ቃል አይደለም ወይ? ልጄን የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ካልፈራሁ አንቺ ምን ያስፈራሻል?»

ይህንንም ተረጎምኩ። ሲስተር ወደ ኋላ ያለችበትን እርምጃ መልሳ ቀረበች። ከዚያ ዝንጅብሉን ከዳታኔ እጅ ተቀበለች። ላዩን ፋቀችው፤ ቁራጭ ቆርጣ በብዙ ውኃ አፈላችው፣ ቀመሰችው፣ አቀጠነችው፣ እንደገና ቀመሰችው። ዳታኔም ቀመሰችው። በማንኪያው ጫፍ ጀመሩ። ልጁ መጀመሪያ ተፋው። ቀጥሎ ጥቂት ያዘ። ከዚያ አንድ ማንኪያ ገብቶ ቀረ፤ ሌላም ቀረ። ሁለቱ ሴቶች በየተራ ሲሰጡት ዋሉ፤ አንዷ ሲደክማት አንዷ ትቀበላለች። በሚቀጥለው ጠዋት ዳታኔ የልጁን ሆድ ቆነጠጠች። ቆዳው ተመለሰ። እንደገና ቆነጠጠችው፤ ከዚያም ሲስተር እንድትቆነጥጥ የልጁን ሆድ ወደ እሷ አዞረችላት።

በዚያ ሳምንት አቶ ግርማ «ዝንጅብሉ ሠራ ማለት ነው?» ብለው ጠየቋት። «ዝንጅብሉ ይሁን፣ ትውከቱ ሰዓቱ ደርሶ የቆመ ይሁን አላውቅም» አለቻቸው። ፊቷ ላይ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ዋጥ ያለላት ትመስል ነበር።

ብዙም ሳትቆይ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወረች። ከመሄዷ በፊት ግን እንደገና ገበያ ለገበያ መዞር አለብኝ አለች። አረካ ሄድን፤ ከአረካም ወደ ቦምቤ አለፍን። ቦምቤ ላይ ሰው ብዙም አያውቃትም ነበር። እንደለመደችው ቆማ ስለ ውኃው ተናገረች፣ አንድ ሕፃን ለምና ቆዳውን ቆንጥጣ አሳየች። ከንፈሩ የደረቀ ሕፃን ያዘለች፣ ፊቷ የተከፋ አንዲት ሴት ከኋላ ሆና ጠየቀች።

«ዝንጅብሉስ? አንዳንዱ ያድናል ይላል፣ አንዳንዱ ይገድላል ይላል። አንቺ ነሽ አሉ ያመጣሽው። ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

ሲስተር ሴትዮዋን አየቻት። ለመሄድ የተነሣ እግሯን መልሳ መሬት ላይ አሳረፈችው።

«ውኃው እንደሚያድን አውቃለሁ። ዝንጅብሉ በጣም ትንሽ ሆኖ፣ ውኃው ብዙ ሲሆን፣ ሊረዳ ይችላል። ምን ያህል እንደሚረዳ ግን አላውቅም። ይህን በያት ማርታ። አላውቅም በያት።»

በእነዚያ ዓመታት ስንት ነገር በአፌ አልፏል፤ ትእዛዝ፣ ተግሣጽ፣ ምክር፣ ዛቻም ጭምር። «አላውቅም» የሚለውን ቃል ግን ጋዋን ከለበሰ ሰው ተቀብዬ ለማንም ተርጉሜ አላውቅም ነበር። ተረጎምኩት።

ሴትዮዋ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሰዉን በክንዷ እየገፋች ወደ ፊት መጣች፤ ማዘያዋን ፈታችና ልጇን ለሲስተር ፀዳለ ሰጠቻት።